የኋለኛ ዘመን አልበም ምንድን ነው?

አንድ አንጋፋ ሙዚቀኛ ስሙ ከተተከለ፣ ምርጥ የሚባሉት ሥራዎቹ ከወጡ ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ አዲስ አልበም ይዞ ሲመጣ፣ ያንን ነው የኋለኛ ዘመን አልበም የምንለው። መለኪያው ዕድሜ ብቻ አይደለም። በሰባ ዓመቱ የመጀመሪያ ሥራውን ያወጣ ሰው እዚህ ውስጥ አይገባም። ዋናው ነገር ከኋላው ታሪክ መኖሩ ነው። አድማጩ አዲሱን ዘፈን ሲሰማ አሮጌውንም በልቡ አብሮ እየሰማ ነው።

በዚህ ምክንያት የሚጻፍበት ሂስም ይለያል። ወጣት አልበም ሲያወጣ ሐያሲው «ምን ይዞ መጣ?» ብሎ ይጠይቃል። አንጋፋው ላይ ሲደርስ ግን ጥያቄው «አሁንም ይችላል ወይ?» ይሆናል። በዚህች ጥያቄ ብዙ ጥሩ ሥራ ተበድሏል። ብዙ መናኛ ሥራም ያለ አግባብ ተሞግሷል።

እዚህ የማወራው በይበልጥ ስለ ሮክ ሙዚቃ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከሮክ በፊት ነበር። ጀርመናዊው ፈላስፋ ቴዎዶር አዶርኖ በ1937 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስለ ቤትሆቨን የመጨረሻ ሥራዎች ጽሑፍ አሳትሟል። ከዚያ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድዋርድ ሰኢድ ሐሳቡን አስፋፍቶ ያዘጋጀው መጽሐፍ እሱ ከሞተ በኋላ በ2006 ታተመ። ሁለቱም የሚሉት ቁም ነገር አለው። ሰው ሲያረጅ ሥራው የግድ የረጋ፣ የበሰለ፣ ሁሉን ይቅር ያለ አይሆንም። አንዳንዱ በስተርጅና ይብስበታል፤ ይሻክራል፣ ይሰባበራል፣ ከማንም ጋር አልታረቅም ይላል።

ወደ ሮክ ስንመጣ፣ ሐያሲያን የሚወዷት አንዲት አባባል አለች፤ «ከእንትን አልበሙ ወዲህ ምርጡ»። ዴቪድ ቦዊ በ1980 «ስኬሪ ሞንስተርስ»ን አወጣ። ከዚያ በኋላ አልበም ባወጣ ቁጥር «ከስኬሪ ሞንስተርስ ወዲህ ምርጡ» እየተባለ ሲጻፍለት ኖረ። ቦብ ዲላንም በ1975ቱ «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» እንዲሁ ሲለካ ኖሯል። ነገሩ ምስጋና ይመስላል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ግን የሚወደሰው የድሮው ሥራ ነው።

እኔ ይህን ጉዳይ ለሰው ሳስረዳ የማነሳው ጆኒ ካሽን ነው። የካንትሪ ሰው ቢሆንም ሮክ ኤንድ ሮል ሲጠነሰስ አብሮ የነበረ ነው። በ1986 ለረጅም ዓመታት የሠራበት የሙዚቃ ኩባንያ አሰናበተው። ዘመኑ አለፈ ተባለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሪክ ሩቢን የተባለ፣ በራፕና በሄቪ ሜታል የታወቀ ፕሮዲውሰር መጥቶ አንድ ጊታር አስይዞ ቀረጸው። ባንድ የለም፣ ተቀባይ የለም። ካሽና ጊታሩ ብቻ። አልበሙ በ1994 ወጣ፤ ግራሚ ወሰደ፤ ተከታታዮቹም መጡ።

አራተኛው በ2002 ሲወጣ «ኸርት» የሚለው ዘፈን ነበረበት። ዘፈኑ ናይን ኢንች ኔልስ የተባለው የሮክ ባንድ መሪ የትሬንት ሬዝነር ነው። ሬዝነር በ1994 ሲያወጣው ገና ሠላሳ አልሞላውም፤ የሱስና ራስን የመጥላት ዘፈን ነበር። ካሽ ሲዘፍነው ሰባ ደርሷል፣ ታሟል። ከግጥሙ አንድ ጸያፍ ቃል አወጣና በቦታው «የእሾህ አክሊል» አለ። ድምፁን ስሙት። ሰልሏል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ የአንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ይንቀጠቀጣል። ወደ ማለቂያው ፒያኖው አንዷን ኖታ ደጋግሞ ይደበድባል፤ ሙዚቃው ያብጣል፣ ሽማግሌው ሊዋጥ ይደርሳል፤ ግን አይዋጥም። ይህን ድክመት ስቱዲዮ ውስጥ መሸፋፈን ይቻል ነበር። አልሸፈኑትም። የወጣት ብሶት የነበረው ዘፈን የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ ሒሳብ ሆነ። ሬዝነር ራሱ ካሽ ለዘፈኑ የሠራውን ቪዲዮ ካየ በኋላ ዘፈኑ ከእጁ እንደወጣ ተናግሯል። ካሽ በመስከረም 12 ቀን 2003 አረፈ፤ በእኛ የ1996 እንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው።

እዚህ ጋ ድክመቱ ራሱ መሣሪያ ሆኗል። ጥሩ ሐያሲ «ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም» ብሎ አያቆምም፤ በተረፈው ድምፅ ምን እንደተሠራበት ይጠይቃል።

ሌላው ጣጣ ሞት ነው። የቦዊ «ብላክስታር» በጥር 8 ቀን 2016፣ በ69ኛ ልደቱ ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሂሶች ጥሩ ነበሩ። ስለ ጃዝ ሙዚቀኞቹ፣ ስለ ሳክስፎኑ፣ ግራ ስለሚያጋቡት ግጥሞች አወሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ቦዊ ሞተ። ካንሰሩን ለሕዝብ አልተናገረም ነበር። አልበሙ ያው ነው፤ አንድ ኖታ አልተነካም። በአንድ ሌሊት ግን ሁሉም ስንኝ ስንብት ሆኖ ተነበበ። ንባቡ ስሕተት አይደለም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ አልበሙን እንደ ሙዚቃ መመርመር ነውር መምሰሉ ነው። ሐዘን ላይ ተቀምጦ ሂስ የሚጽፍ የለም። እኔ ግን ከሞቱ በኋላ ከተጻፉት ይልቅ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ጽሑፎች አምናለሁ፤ ሙዚቃውን በሙዚቃነቱ የሰሙት እነሱ ናቸው።

ከሞት ቀጥሎ የሚያበላሸው ርኅራኄ ነው። «ለዕድሜው ጥሩ ነው!» ከዚህ የከፋ ሙገሳ አላውቅም። ሮሊንግ ስቶንስ በ2023 «ሃክኒ ዳይመንድስ»ን ሲያወጡ ሚክ ጃገር ሰማንያ ሞልቶት ነበር፤ አዳዲስ ዘፈኖቻቸውን የያዘ አልበም ካወጡ 18 ዓመት ሆኗቸዋል። ብዙው ጽሑፍ በጉልበቱ ተደነቀ። ጥቂቶቹ ግን ቅንብሩ ከመጠን በላይ ተወልውሏል፣ የባንዱ ሸካራነት ጠፍቷል አሉ። ብንስማማም ባንስማማም፣ ጃገርን እንደ ሙዚቀኛ ያከበሩት እነዚህ ናቸው።

ጅማ ላይ ይህን ወሬ ስናነሳ ማረፊያው ያው አንድ ሰው ነው። ጋሽ ሙላቱ አስታጥቄ እዚሁ ጅማ በ1943 ተወለዱ፤ ጃገር በተወለደበት ዓመት ማለት ነው። ሮክ ሳይሆን ኢትዮ ጃዝ ነው የእሳቸው። ዌልስ፣ ለንደን፣ ቦስተን ተምረው፣ በ1966 ኒው ዮርክ የመጀመሪያ አልበሞቻቸውን አወጡ፤ በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ» መጣ። ከዚያ ዓለም በ1998 ኢትዮጲክስ በተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ፣ በ2005 ደግሞ በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በጂም ጃርሙሽ ፊልም እንደገና አገኛቸው። የኋለኛ ዘመን አልበሞቻቸው የተከተሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ በ2009፣ በ2010፣ በ2013። በ2025 ደግሞ የቆዩ ድርሰቶቻቸውን ከክራርና ከማሲንቆ ጋር መልሰው የሠሩበት ወጣ።

እነዚህን አልበሞች እዚህ ስንቱ ሰምቷቸዋል? ባጃጅ ውስጥ ከፍላሽ የሚከፈተው የአንጋፋ ሥራ ሁሌ የድሮው ነው። ስለ አዲሱ ስትጠይቁ «እሱማ አንጋፋ ነው» ትባላላችሁ፤ ወሬው እዚያው ያልቃል። ታላቅን መተቸት ታላቅን መድፈር ይመስለናል። አክብሮታችን መልካም ነው። ሥራውን ሳይሰሙ ማክበር ግን ሰውየውን በሕይወት እያለ ሐውልት ማድረግ ነው።

ስለዚህ የእኔን ልናገር። የ2009ኙ፣ ከእንግሊዞቹ ሄሊዮሴንትሪክስ ጋር የተሠራው፣ ከኋለኛዎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል። ከበሮው ሻካራ ነው፤ ቫይብራፎኑ (ጋሽ ሙላቱ በመምቻ የሚጫወቱት የብረት መሣሪያ) አንዳንዴ ከጭስ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ ጋሽ ሙላቱ በዕድሜ ከሚያንሷቸው ጋር ይተናነቃሉ። የ2013ቱ «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» በአንጻሩ ለእኔ በጣም የተስተካከለ ነው። ውብ ነው፤ ግን የሚያስደነግጥ ቦታ አጣሁበት። ይህን ስል ጅማ ላይ የሚቀየመኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይምጣና ይከራከረኝ፤ ሁለቱንም ሰምቶ ይምጣ እንጂ።