«አርፈሽ ተኚ» እና ሌሎች ካንሰር የያዘውን ሰው የሚጎዱ ምክሮቻችን

ጎንደር ላይ አንድ ሰው ካንሰር ተገኘበት ሲባል ሰፈሩ ዝም አይልም። ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ቡና ይፈላል፣ ምክር ይዘንባል። ምክሩ ከፍቅር ነው። ብዙው ግን የታመመውን አልጋ ላይ የሚያስቀር ነው። ሰውየው ከሕክምናው ጎን ለጎን እንዲራመድ፣ እንዲበላ፣ ከሰው ጋር እንዲውል ማገዝ ተሐድሶ ይባላል። ይህ ሥራ ከሆስፒታል ይልቅ ቤትና ሰፈር ውስጥ ይበዛል።

«አርፈሽ ተኚ፣ ምንም አትንኪ»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው፤ ትክክል ስለሚመስል። የካንሰር ድካም በእንቅልፍ ብቻ አይለቅም። ሰው በተኛ ቁጥር ጡንቻው ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲቀንስ ትንሹም ነገር ያደክመዋል፤ ደከመኝ ብሎ ደግሞ ይተኛል። ይህን አዙሪት ለመስበር እንቅስቃሴ እንደሚረዳ በብዙ ጥናት ታይቷል። ባለሙያዎች በሳምንት 3 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ያህል መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራሉ።

ከዚያ ግን አይጀመርም። መጀመሪያ ከአልጋ እስከ በር፣ ቀጥሎ ከበር እስከ ጎረቤት። 5 ደቂቃም ይበቃል። ከተማችን ዳገት ይበዛታል፤ ስለዚህ ደልዳላውን መንገድ ምረጡ። ዳገቱን በባጃጅ ወጥቶ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ በእግር መውረድም ይቻላል። እየተራመዱ ማውራት ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ካንሰሩ አጥንት ጋ ከደረሰ፣ ደም ካነሰ ወይም ትኩሳት ካለ ግን በቅድሚያ ሐኪም ይጠየቅ።

እቤትም እንዲሁ ነው። ታማሚዋ ቁጭ ብላ ሽንኩርት መክተፍ ከፈለገች ቢላዋውን አትቀሟት።

«ጡቷን ኦፕራሲዮን ከተሠራች በኋላ እጇን አታንቀሳቅስ»

ያልተንቀሳቀሰ ትከሻ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ፀጉር ማበጠር፣ ነጠላ ማጣፋት፣ ምጣድ ላይ ሊጥ ማዞር ሁሉ ፈተና ይሆናል። ሐኪሙ ጀምሪ ሲላት ጣቶቿን ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እያስኬደች እጇን ማንሣት ትችላለች።

የብብት ዕጢዎች (ንፍፊቶች) ከወጡላት ደግሞ ክንዷ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ይመጣል። ምልክቱ ክንድ መክበድ፣ ቀለበት ወይም አምባር መጥበብ ነው። ያን ጊዜ ሳይቆዩ መታየት ያስፈልጋል፤ ቶሎ ከተያዘ ለመቆጣጠር ይቀላል። በዚያ ክንድ ላይ ቃጠሎና ቁስል መድረስ ስለሌለበት ምጣድ አጠገብ ጥንቃቄ ይኑር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን (በእንቅስቃሴ የሚያክሙ ባለሙያዎችን) የሚያሠለጥን ነው። ዕድላችንን እንጠቀምበት፦ በቀጠሮ ቀን «ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ» ማለት መብታችሁ ነው።

«ይተላለፋል»

አይተላለፍም። ከአንድ መሶብ ብሉ፣ እቀፏት፣ ልጆቹም አጠገቧ ይተኙ። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚያስከትለው ቫይረስና ለጉበት ካንሰር የሚዳርገው ሄፓታይተስ ቢ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋሉ፤ ለሁለቱም ክትባት አለ። ካንሰሩ ራሱ ግን አይጋባም።

እንዲያውም በኬሞ (ካንሰርን በመድኃኒት የማከም ሕክምና) ጊዜ አደጋው ከእኛ ወደ እሷ ነው። የሰውነቷ መከላከያ ይቀንሳል። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ ይቅር፤ ስልክ ይደውል። እጅ ይታጠብ። ጥሬ ሥጋ አይቅረብላት። ትኩሳቷ 38 ዲግሪ ከሞላ ደግሞ «እስኪነጋ እንይ» አይባልም፤ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

«ምግብ ከተቀነሰበት ካንሰሩ በረሃብ ይሞታል»

የሚከሳው ሰውየው ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ ወተት፣ አጥሚት፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። አፉ ከቆሰለ በርበሬውን ተዉትና ምግቡን ለብ አድርጉለት። የጾሙን ነገር ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩበት፤ ሕመምተኛ መሆኑን ያውቃሉ።

«ጸበል የጀመረ መድኃኒት ያቆማል»

አርባ አራቱ ታቦት ባሉበት ከተማ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መክረው ነበር። ለካንሰርም ያው ነው፤ ማመን ኬሞን አያስተውም። ሥር ወይም ቅጠል እየጠጣችሁ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩ። አንዳንዱ ጉበት ይጎዳል፣ አንዳንዱም ከመድኃኒቱ ጋር ይጋጫል።

«ሞርፊን ከታዘዘ አበቃለት ማለት ነው»

ሞርፊን የሚታዘዘው ሕመሙ ስለበረታ ነው፤ የቀረውን ዕድሜ አይናገርም። በሐኪም ትእዛዝ ለሕመም ሲወሰድ ሱስ የሚያስይዘው ከስንት አንድ ነው። ሕመሙ የቀለለለት ሰው ይተኛል፣ ይበላል፣ ይራመዳል። ሆድ ማድረቁ የታወቀ ስለሆነ አብሮ የሚያለሰልስ መድኃኒት ጠይቁ። ቤት ውስጥ ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ። ሰው ችሎ ሲሰቃይ ማየት ያመኛል፤ መቻል ግዴታው አይደለም።

«እድር ለቀብር ነው»

ይህን ልማድ መቀየር የእኛ ፈንታ ነው። ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ እድር ተራ ማውጣት አያቅተውም፦ በኬሞ ቀን ማን አብሯት ይሄዳል፣ ለጨረር ሕክምና ስትሄድ ቤቱን ማን ይጠብቃል፣ የልጆቹን ምሳ ማን ይቋጥራል። ማኅበሩም ተራዋን አይዝለልባት፤ ድግሱን ሌላ ሰው ያዘጋጅ፣ እሷ ትምጣ። ልትጠይቋት ስትሄዱም «የሚያስፈልግሽ ካለ ንገሪኝ» ብላችሁ አትመለሱ። ማንም አይናገርም። «ማክሰኞ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣለሁ» በሏት።