«ሐሰተኛ» የጎድን አጥንት ማለት ምን ማለት ነው?

«ሐሰተኛ የጎድን አጥንት» ሲባል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማ ሰው አጥንቱ የተበላሸ ወይም ትርፍ ይመስለዋል። አይደለም። ሁላችንም አለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎድን አጥንቶቻችን በአብዛኛው 12 ጥንድ ናቸው፤ ወንድም ሴትም ላይ ያው 24። ሁሉም ከኋላ ከአከርካሪ ጋር ይያያዛሉ። ስማቸውን የሚለየው የፊት ጫፋቸው ነው። ከ1ኛው እስከ 7ኛው ያሉት በየራሳቸው ልም አጥንት በቀጥታ ከደረት አጥንት ጋር ይገናኛሉ። «እውነተኛ» የተባሉት ለዚህ ነው። ከ8ኛው እስከ 10ኛው ያሉት ግን እዚያ አይደርሱም፤ ከበላያቸው ባለው ልም አጥንት ላይ ይደገፋሉ። 11ኛውና 12ኛውም ከሐሰተኞቹ ይቆጠራሉ፤ ከፊት ምንም ስለማይነኩ «ተንሳፋፊ» የሚል ስም ተጨምሮላቸዋል። ይህም ስም ያሳስታል፤ ከኋላ ጠበቅ ብለው ተይዘዋል። እኔ ብጠየቅ «በቀጥታ ያልተያያዘ» ቢባል ይሻል ነበር።

ስሙን ሰምታችሁ ታዲያ ጉዳቱን አትናቁት። ከእነዚህ አጥንቶች ጀርባ ጉበት፣ ጣፊያና ኩላሊት አሉ። እዚያ ጋ ክፉኛ የተመታ ሰው «ጎድን ነው፣ ያልፋል» ብሎ አይተኛ፤ ሐኪም ይየው።

መቁጠር ከፈለጋችሁ ጣታችሁን አንገታችሁ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ላይ አድርጉና በደረታችሁ መሃል ወደ ታች አንሸራቱ። 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስትወርዱ አግድም ጉብታ ታገኛላችሁ። ከጎኗ ያለው 2ኛው ነው። ሐኪሞችም የሚነሱት ከዚህች ጉብታ ነው፤ 1ኛው ተደብቆ በእጅ ለማግኘት ያስቸግራላ።