ባለ 82 እግሩ የሴንትራል ፓርክ ነዋሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኒውዮርክ መሃል፣ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ፣ ከረገፈ ቅጠል ሥር አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው መቶ እግር ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ናናሩፕ ሆፍማኒ ተብሎ ተመዘገበ። ስለ እሱና ስለ ዘመዶቹ የሚባለው ሁሉ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም።

«መቶ እግር አለው።»
82 ነው ያለው፤ 41 ጥንድ። እንዲያውም ካደጉት መቶ እግሮች መካከል ልክ መቶ እግር ያለው አይገኝም። ጥንዶቻቸው ሁልጊዜ ኢተጋማሽ ቁጥር ናቸው፦ ከ15 እስከ 191። መቶ እግር ማለት 50 ጥንድ ነው፣ 50 ደግሞ ተጋማሽ ነው። ቆጠራው ራሱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማይክሮስኮፕ ሥር እንደ ክር የቀጠነውን አካል ክፍል በክፍል እየተከተሉ መሄድ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ጥንድ ለመራመድ ሳይሆን ወደ ኋላ ተዘርግቶ የሚቀር ስለሆነ ጀማሪ ይዘለዋል። ከጭንቅላቱ ሥር ያሉት መርዘኛ መቆንጠጫዎች ደግሞ በመሠረቱ ወደ መሣሪያነት የተለወጡ እግሮች ናቸው፤ ግን አይቆጠሩም። ስለዚህ «ነከሰኝ» ሳይሆን «ቆነጠጠኝ» ቢባል ይበልጥ ልክ ነው።

«ትንሽ ከሆነ ገና ግልገል ነው።»
በአንዳንድ ወገኖች ይሠራል፤ ከእንቁላል በጥቂት እግር ወጥተው ቆዳቸውን በገፈፉ ቁጥር እግር ይጨምራሉ። የናናሩፕ ወገን ግን ከእንቁላሉ ሲወጣ እግሩን ሙሉ ይዞ ነው። እግር ቆጥሮ ዕድሜ መገመት አይቻልም። አዋቂነቱ የሚታወቀው ከኋላ ባሉት የመራቢያ አካላት ነው። ስሙ ውስጥ ያለው «ናን» ድንክ ማለት ነው፤ አድጎም ያው ነው።

«ነፍሳት ነው።»
አይደለም። ነፍሳት ያላቸው ስድስት እግር ነው።

«ያገኘው ሰው ያኔውኑ ስም ይሰጠዋል።»
ይህን ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ማግኘቱ ቀላሉ ነው። ናሙናው ከታወቁት ጋር አልገጥም ሲል፣ የቨርጂኒያ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆፍማን እንግዳ ነገር መሆኑን ለየ፤ ከዚያ ሌሎች አራት ተመራማሪዎች አንቴናውን፣ መንጋጋውን፣ መቆንጠጫውን ከዘመዶቹ ጋር አነጻጸሩ። ከነባር ወገኖች (ጂነሶች) በአንዱም ስላልገባ አዲስ ወገን ከፈቱለት። ሆፍማኒ የተባለው በሆፍማን ስም ነው። አራቱ ተመራማሪዎች በራሳቸው ስም አልሰየሙትም፤ ልማዱም አይደለም።

«እዚያ ከተገኘ የዚያ አገር ነው።»
የቅርብ ዘመዶቹ በብዛት ያሉት ምሥራቅ እስያ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከዕፅዋት ጋር በመጣ አፈር ተጭኖ ሳይገባ አልቀረም ብለው ይጠረጥራሉ። ፓርኩም ቢሆን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አፈርና ዛፍ ከውጭ እየተጋዘለት በሰው እጅ የተሠራ ነው።