የጠዋቱ ስኳርና የሦስት ወሩ ስኳር

ደብረ ብርሃን አካባቢ የስኳር ሕመም ቀጠሮ ሲደርስ የምናውቃት ዘዴ አለች። ሦስት ቀን ጠላውም ማሩም እርግፍ ይደረግና፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ጣት ተወግቶ 110 ሲወጣ «ስኳሬ ጠፋ!» ይባላል። አልጠፋም። ያ ቁጥር የዚያች ጠዋት ብቻ ነው። (ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ አለመቅመስ ነው፤ ውሃ ይፈቀዳል።)

«ኤ ዋን ሲ» የሚሉት የሦስት ወሩ ምርመራ ግን ሌላ ነው። ስኳር ቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ሴሉ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር፣ ኅዳር ላይ አጨዳ ወገብህን ሲቆርጠው የወረደውም፣ ጥር ላይ ከሰርግ ሰርግ ስትዞር የወጣውም አብሮ ይቆጠራል። የስኳር ሕመም ላለባቸው ብዙ አዋቂዎች ከ7 በመቶ በታች ይመከራል። ደም ማነስ ካለብህ ውጤቱ ሊያሳስት ስለሚችል ለሐኪምህ ንገር።

በሶስ? ገብስ ነው ብለህ በማር ጆግ ሙሉ ከበጠበጥከው ያው ስኳር ነው። ቆሎ በእፍኝ ይሻላል። ኢንሱሊን እየተወጋህ እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ግን መጠኑን ቀድመህ ከሐኪም ጋር ተነጋገርበት፤ ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ቶሎ ነው የሚጥለው።