ሥራና ዝምድና በአጭር ልቦለድ፤ ከድሬዳዋ ሲታይ

አጭር ልቦለድ ቁጥብ ነው። ጥቂት ገጸ ባህርያት፣ አንድ ግጭት፣ ነጠላ ውጤት። ትዳሩንም ዕዳውንም እየዘረዘረ 300 ገጽ አይሄድም። ደራሲው «ይዋደዱ ነበር» ወይም «ሥራው ከባድ ነበር» ብሎ ቢያልፍ ማንም አያምነውም፤ ማሳየት አለበት። ድሬዳዋ ደግሞ የሚታይ ነገር አታጣም።

ከምልልስ እንጀምር። በአማርኛ የሁለት ሰዎች ቅርበት ገና ግሱ ላይ ይታወቃል፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ። ተራኪው ምንም ሳይል አንባቢው አለቃውንና ተላላኪውን ይለያል። ድሬ ግን ይህን ትገለብጠዋለች። እንደ ሐረር ሁሉ አንቱታ አታበዛም። የሱቅ ተላላኪው ባለሱቁን «አቦ ተወኝ!» ቢለው ቤተኝነት ነው። ታዲያ ይኸው ልጅ አንድ ጠዋት ድንገት «እርስዎ ያዘዙኝን ጨርሻለሁ» ካለ ነገር አለ። ወይ ደሞዝ ቀርቷል፣ ወይ ልብ ተሰብሯል። የሌላ አገር አንባቢ ጨዋነት መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ጎበዝ ደራሲ ስለዚህ ቀደም ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ «አንተ» ያስብለዋል።

መቼት መቼና የት ነው። ድሬ ላይ መቼው ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሱቅ ያስዘጋል፤ ሥራ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ነው፣ መሃሉን በርጫ፣ ማለትም ተሰብስቦ ጫት መቃም፣ ይወስደዋል። ነጋዴውና ባጃጅ ነጂው አንድ ፍራሽ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ጠዋት የታፈነ ንግግር እዚያ ይፈታል። በጫት የመረቀነ፣ የምርቃና ተራኪም አለላችሁ፤ 9 ሰዓት ላይ ፎቅ ይሠራል፣ ሸሪክ ያበዛል፣ ሚስት ያገባል። ሲመሽ ዝም ይላል። የማይታመን ተራኪ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ድምፅም ይሠራል። ሐረር ጀጎል ውስጥ «መኪና ግርግር» የሚባል የልብስ ሰፊዎች መንገድ አለ፤ ስሙ ከስፌት መኪናዎቹ ጫጫታ የመጣ ነው። ሁለት የተኮራረፉ ሰፊዎች እዚያ ጎን ለጎን ቢሰፉ ኩርፊያውን መተረክ አያስፈልግም። የአንዱ መኪና ቀጥ ሲል የሌላው ጆሮ መቆሙን መጻፍ ይበቃል።

ባቡሩን ሁሉም ይነካዋል። ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተወለደች፤ የምድር ባቡር ጡረተኛ ደግሞ ለምልሰት፣ ታሪኩን ወደ ኋላ ለመመለስ፣ የተፈጠረ ይመስላል። ግን ባቡርን የመለያየት ምልክት ማድረግ ሰልችቶኛል። የመካኒኩ ጥፍር ውስጥ የቀረው ግሪስ ይበልጥ ይናገራል፤ ሚስቱ በስንት ሳሙና እንደታገለችው ሲታከልበት ሥራውም ትዳሩም ባንድ እጅ ላይ ይነበባል።

ንግርን፣ የሚመጣውን አስቀድሞ መጠቆምን፣ ለማየት ደቻቱ ይበቃል። የከተማዋን ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚከፍለው ይህ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ለድሬ አንባቢ «ከደጋው በኩል ጠቁሯል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፤ ልቡ ተሰቅሏል። አሸዋው ላይ ቲማቲም የዘረጋችው ሴትም ቀና ብላ ታያለች። ከዚያ በኋላ የሚጠበቀው አንድ ነገር ነው፤ ሸራዋን እየሰበሰበች ቀድማ የምትጠራው ማንን ነው? ባሏን፣ ወይስ ከወር በፊት በመደብ ቦታ የተጣላቻትን ጎረቤቷን?