«እኛ የደጋ ልጆች ነን» እና ሌሎች ስለ ቲቤት ጉዞ የምሰማቸው ስህተቶች

ቲቤትን ማየት የሚፈልግ ሐበሻ ሲደውልልኝ፣ ሰላምታው ሳያልቅ ምን እንደሚለኝ አውቀዋለሁ። «እኛ እኮ የደጋ ልጆች ነን። ከፍታ ምን ያደርገናል?» ቀጥሎ በቲቤት ዋና ከተማ በላሳ የያዝኩለትን የእረፍት ቀናት እንድሰርዝና ዋጋውን እንድቀንስለት ይጠይቃል። ሥራዬ ቻይና ውስጥ ሆኜ ወደ ቲቤት አምባ የሚሄዱ ሰዎችን ጉዞ ማሰናዳት ነው። ብዙ ጊዜም አብሬ እሄዳለሁ። ይህን አባባል ሰምቼ ሰምቼ ታክቶኛል። ሰው የሚጎዳ አባባል ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ላሳ 3,650 ላይ። የቲቤት አምባ በአማካይ 4,500 ሜትር አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የምናገኘው ከፍታ እዚያ በግ የሚሰማራበት ሜዳ ነው። አንድ እርምጃ ሳትራመዱ፣ መኪና ውስጥ እንደተቀመጣችሁ እዚያ ትደርሳላችሁ።

ብዙ ሰው ከፍታ ላይ በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የሚቀንስ ይመስለዋል። ድርሻው ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። ላሳ ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛውን አይሞላም። 5,000 ሜትር ላይ ከግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። በአንድ ትንፋሽ የምታስገቡት ኦክስጅንም ያንኑ ያህል ይቀንሳል።

የደጋ ሰው ነገር ጨርሶ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮችን መርምሮ ነበር። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው የሄሞግሎቢናቸው መጠንም፣ ደማቸው የያዘው ኦክስጅንም ቆላ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ቲቤታውያን ደግሞ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ኢፓስ1 የሚባለው ዘረ መላቸው ሄሞግሎቢናቸው ከልክ በላይ እንዳይጨምር ያግዛል። በ2014 የወጣ ጥናት ይህ የዘር ልዩነት ዴኒሶቫን ከሚባሉ ጥንታዊ ሰዎች የመጣ መሆኑን አሳይቷል። ደስ የሚል ነገር ነው። ግን በሰሜን ተራሮች የተመረመሩት ሰዎች እዚያው ተወልደው እዚያው የሚኖሩ ናቸው። እኔ ጋ የሚደውለው ቦሌ ያደገ፣ ከዚያም ጓንግዙ ወይ ዱባይ ወይ ዋሽንግተን ዓመታት የኖረ ሰው ነው። ሰውነት ከፍታ ላይ ያዳበረው ልምድ ቆላ ወርደን ስንቆይ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። መታወቂያ ላይ የተጻፈ የትውልድ ቦታ ሳንባ ውስጥ አይገባም።

አንድ ወጣት ነጋዴ ትዝ ይለኛል። ጓንግዙ ነዋሪ ነው። በየማለዳው የሚሮጥ፣ ሰውነቱ የተስተካከለ ልጅ። ላሳ በአውሮፕላን እንደገባን ሌሎቹ ጋደም ሲሉ እሱ ባርኮርን በፈጣን እርምጃ ይዞር ጀመር። ባርኮር የጆካንግን ቤተ መቅደስ የሚከበው የተሳላሚዎች መንገድ ነው። ሌሊቱን ራሱን ሲያመው አደረ። ለማንም አልተናገረም፤ ፓናዶል ውጦ ዝም አለ። ቁርስ አልበላም። በማግስቱ የፖታላን ቤተ መንግሥት ደረጃ ስንጀምር ቁጭ አለና አልነሳም አለ። አስነስቼ በድንጋዩ መገጣጠሚያ መስመር ላይ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት እያደረገ እንዲራመድ ጠየቅኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ወደ ግድግዳው ዘነበለ። ከፍታ ላይ ራሱን የሚያመው ሰው እንዲህ ሚዛኑን ከሳተ አንጎሉ ማበጥ መጀመሩን መጠርጠር አለባችሁ። ይህ የሚገድል ነገር ነው። ሆስፒታል አደረ፣ ኦክስጅን ተሰጠው፣ በማግስቱ 500 ሜትር ላይ ወዳለችው ቼንግዱ በአውሮፕላን ወረደ። ማታውኑ ምግብ በላ። በዚያው ቡድን ውስጥ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው እናት ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በየአሥር ደረጃው እያረፉ ፖታላን ወጡ፣ ቀሪውንም ጉዞ ጨረሱ። ስፖርተኛ መሆን ከከፍታ ሕመም አያድንም። እንዲያውም ጎበዝ ነኝ የሚል ሰው ይፈጥናል፣ ሕመሙንም ይደብቃል።

ልጁ የዳነው ላሳ ላይ ስለታመመ ነው። ሆስፒታልም አውሮፕላን ማረፊያም ቅርብ ናቸው። ሰዎች የማያስቡት ሌላ ነገር አለ። ሰሜን ተራሮች ላይ የታመመ ሰው ወደ ደባርቅ ይወርዳል፣ በቃ። ቲቤት ግን አምባ ነው። ወደ ኤቨረስት ሲኬድ የሚታደርባት ቲንግሪ 4,300 ሜትር ላይ ናት። ከዚያ ወደ ሺጋጼ፣ ማለትም ወደ 3,840 ሜትር፣ ልውረድ ብትሉ መንገዱ መጀመሪያ ጊያጾ ላ የሚባለውን ከ5,200 ሜትር በላይ የሆነ የተራራ መተላለፊያ በር ያሻግራችኋል። ለመውረድ መጀመሪያ መውጣት አለባችሁ። በሽተኛ ይዞ፣ በሌሊት፣ ጭንቅ ነው። ለዚህ ነው ላሳ ላይ ያሉትን የእረፍት ቀናት ማንም ቢለምነኝ የማልሰርዘው።

ሕጉ ከባድ አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ስትሆኑ የምታድሩበት ቦታ ከትናንቱ በ500 ሜትር ገደማ ብቻ ይብለጥ። በየሦስት አራት ቀኑ አንድ ቀን እዚያው እደሩ። በአውሮፕላን ላሳ የሚገባ ሰው ይህን ሕግ ገና ሲያርፍ ጥሶታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት ሌሊት ላሳ ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጠጥ የለም። ራስ ምታት ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም። ከባሰ መውረድ ነው። ዳያሞክስ የሚባለው መድኃኒት ይረዳል፤ ግን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ያማክራችሁ፣ በተለይ የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው። ላሳ ውስጥ በየሱቁ የምትሸጠው የኦክስጅን ጣሳ ለጥቂት ደቂቃ ታስተነፍሳለች እንጂ አታድንም። እሷን ቦርሳ ውስጥ ይዞ የእረፍት ቀን መቀነስ ራስን ማታለል ነው።

«በባቡር ከሄድን ሰውነታችን ቀስ እያለ ይለምዳል።» ይህም ያው የመጀመሪያው ስህተት ሌላ ልብስ ለብሶ የመጣ ነው። የቺንግሃይ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ከሆነችው ከሺኒንግ እስከ ላሳ ያለው የባቡር መስመር 1,956 ኪሎ ሜትር ነው። እስከ ላሳ ያለው ክፍል አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ባቡሩ 2,800 ሜትር ላይ ካለችው ጎልሙድ ተነስቶ በታንግላ በር 5,072 ሜትር ላይ ወጥቶ ላሳ የሚደርሰው በ14 ሰዓት ገደማ ነው። ሰውነት ደግሞ የሚለምደው በቀናት ነው። በዚያ ላይ ፉርጎው ውስጥ ኦክስጅን ይለቀቃል። ባቡሩን ለእይታው ብላችሁ ያዙት። በቀን የሚያልፈውን ክፍል መስኮት ዳር ተቀመጡ፣ የቲቤት ሚዳቋና የዱር አህያ መንጋ ታያላችሁ። ላሳ ስትደርሱ ግን የእረፍት ቀናቱ ይቀጥላሉ። ቆላ የሚኖር ሰው መጀመሪያ ሺኒንግ ሁለት ሌሊት ቢያድር ይጠቀማል። ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም።

«የቻይና ቪዛ አለኝ፣ ብቻዬን እገባለሁ።» አትገቡም። ቻይና ውስጥ የሚማርም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ወደ ቲቤት ራስ ገዝ ክልል ለመግባት የተለየ የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱን የሚያወጣው በክልሉ የተመዘገበ አስጎብኚ ድርጅት ነው። ጉዞውም ከአስጎብኚ ጋር፣ ቀድሞ በተያዘ መርሐ ግብር ነው። ወደ ላሳ በአውሮፕላን ለመሳፈር ዋናው ወረቀት በእጃችሁ መሆን አለበት። ከላሳ ወጣ ስትሉ ሌላ ፈቃድ ይጨመራል፤ ወደ ቅዱሱ ተራራ ወደ ካይላሽ ደግሞ የጦር ሠራዊቱም ፈቃድ አለበት። የኢትዮጵያም ይሁን የአሜሪካ ፓስፖርት ብትይዙ ልዩነት የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ ወዲያ እስከ ማርች መጨረሻ ክልሉ ለውጭ ዜጎች ይዘጋል። በዚያ ሰሞን ቲኬት ቆርጦ «ምን ይሻላል?» ብሎ የሚደውልልኝን ሰው መርዳት አልችልም። ቲኬት ከፈቃድ በፊት አይቆረጥም።

ፈቃዱ ከከበዳችሁ አምባው ላሳ ብቻ አለመሆኑን እወቁ። ስፋቱ 2.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኢትዮጵያ እጥፍ በላይ ነው። ቺንግሃይ፣ ምዕራብ ሲችዋንና ደቡብ ጋንሱ ውስጥ ሰፊ የቲቤታውያን አገር አለ፤ ለአብዛኛው ይህ ልዩ ፈቃድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1709 የተመሠረተው የላብራንግ ገዳም ጋንሱ ውስጥ ነው፤ ከፍታውም 3,000 ሜትር አይሞላም። ለተማሪ ኪስም፣ ለጀማሪ ሳንባም መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። ብቻ አንዳንድ ወረዳ በድንገት ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

አጫጭሮቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ቲቤት ዓመቱን ሙሉ በረዶ አይደለም፤ ሂማላያ ዝናቡን ስለሚያግደው ደረቅ አገር ነው፣ ላሳ በብርዱ ወራትም ፀሐይዋ ፊት ታቃጥላለች። በሰሜን በኩል ወዳለው የኤቨረስት ወጪዎች መነሻ ሠፈር ለመድረስ ተራራ ወጪ መሆን አያስፈልግም፤ አስፋልት እስከ ሮንግቡክ ገዳም ይወስዳል። ላሳ ባለው «ሴራ» በሚባለው ገዳም ከሰዓት በኋላ የምታዩዋቸው መነኮሳት አልተጣሉም። የቆመው ግራ እግሩን መሬት መትቶ፣ ቀኝ እጁን በግራው ላይ አጨብጭቦ ጥያቄ ይወረውራል፣ የተቀመጠው ይመልሳል። የሎጂክ ትምህርታቸው ነው። የሙታን ሥርዓታቸው ደግሞ፣ አስከሬን ለአሞራ የሚሰጥበት ማለቴ ነው፣ የጉብኝት መርሐ ግብር አይደለም። ለቅሶ ቤት ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰው የለም። ይህን የሚጠይቀኝን ሰው አልወስድም።

«ካይላሽን እንወጣለን።» ማንም አይወጣውም። 6,600 ሜትር የሚያልፈው ይህ ተራራ ለሂንዱ፣ ለቡዲስት፣ ለጄይንና ቦን ለሚባለው ጥንታዊ የቲቤት ሃይማኖት አማኞች ቅዱስ ነው፤ የሚኬደው ዙሪያውን ነው። ዙሪያው 52 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሂንዱዎችና ቡዲስቶች በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ ቦኖች በተቃራኒው። እኛ በሦስት ቀን እንዞረዋለን። አካባቢውን የለመደ ቲቤታዊ ከንጋት በፊት ተነስቶ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። በግንባሩ እየተደፋ፣ በአካሉ ርዝመት እየለካ የሚዞረው ተሳላሚ ሳምንታት ይፈጅበታል። ከባዱ ሁለተኛው ቀን ነው። ድሮልማ ላ የሚባለው መተላለፊያ በር ከ5,600 ሜትር በላይ ነው። በጨለማ ተነሱ፣ በአጭር እርምጃ ሂዱ፣ ከፊታችሁ ያሉ አሮጊት ቢያልፏችሁ አትፎካከሩ። ዕቃችሁን ያክ የሚባለው ጸጉራም የደጋ ከብት ወይም ፈረስ ይሸከምላችሁ፤ ውኃ፣ ጃኬትና ጓንት ግን ከእናንተ አይለዩ።

«ቡዲስቶች ስለሆኑ ስጋ አይበሉም፣ ለጾም ይመቻል» የሚሉኝ ምእመናንም አሉ። ተቃራኒው ነው። አትክልት እንደ ልብ በማይበቅልበት አገር ሰው በያክ ስጋና በበግ ይኖራል። ሻዩ ጨውና ቅቤ አለበት፤ እንግዳ ከሆናችሁ ደግሞ ጽዋው አንድ ፉት ባላችሁ ቁጥር እንደገና ይሞላል። መልካሙ ዜና ጻምፓ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው፤ ያለ ቅቤ በውኃ አሽታችሁ ብትጠቀልሉት ከበሶ ጭብጦ አይለይም። የምትጾሙ ከሆነ ላሳ እያላችሁ ዱቄቱን ገዝታችሁ ያዙ። ከተማ ውስጥ የሲችዋን ምግብ ቤቶች ቶፉና አትክልት በዘይት ይሠራሉ፤ ቅቤና ስጋ እንዳይገባ አስጎብኚው ያስረዳላችሁ። ገጠር ስትወጡ ግን ምርጫው ይጠብባል።

በመጨረሻ ስለ አስጎብኚው። «መንግሥት ያስገደደን ጠባቂ ነው፣ ምን ይጠቅማል?» ይሉኛል። አስገዳጅ መሆኑ እውነት ነው። ግን አብዛኞቹ እዚያው ያደጉ ቲቤታውያን ናቸው። የትኛው ገዳም ውስጥ ፎቶ እንደሚከለከል፣ ለየትኛዋ አሮጊት ሰላምታ ሰጥቶ ሻይ ቤት እንደሚያስገባችሁ፣ የማን ያክ አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ሰው ፊት የፖለቲካ ጥያቄ አትጠይቋቸው። እናንተ ወደ ቤታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ፈቃዱንና እንጀራውን የሚያጣው አስጎብኚው ነው። የዳላይ ላማ ፎቶም ቲቤት ውስጥ ክልክል ነው። ስልካችሁ ውስጥ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት አጥፉት፤ ለተሳላሚ ስጦታ ብሎ ይዞ መግባትማ ተቀባዩን ማሳሰር ነው።