«ጥግህን ያዝ» የማያድንበት ቦታ፦ መንገድ መገናኛ ላይ ስለሚታጠፍ ብስክሌተኛ የሚነገሩ ስህተቶች

ብስክሌት ለሚነዳ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር «ጥግህን ያዝ» ነው። አብዛኞቹ መካሪዎች ኮርቻ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ሆኖም ከልጅነት ጀምሮ ስለምንሰማው ሕግ ይመስለናል። ቀጥ ባለና ሰፊ በሆነ መንገድ ላይ ምክሩ ብዙም አይጎዳም። ጣጣው የሚመጣው መንገድ ከመንገድ ሲገናኝ ነው፤ በተለይ የጎን መንገዱ ሰያፍ ሆኖ ሲገባ ወይም ግራና ቀኙ መንገዶች ፊት ለፊት ሳይገጥሙ ሲቀሩ። የምጽፈው ትራፊክ በቀኝ በኩል የሚሄድበትን አገር እያሰብኩ ነው፤ በግራ የምትነዱ ግራና ቀኙን ገልብጡት።

«ጥግ ከያዝኩ ማንም አይነካኝም»

ከጎን መንገድ የሚወጣ ሾፌር አንገቱን ሲያዞር የሚፈልገው መኪና ነው። ስለዚህ ዓይኑ የሚያርፈው መኪና በሚመጣበት ቦታ፣ በረድፉ መሃል ላይ ነው። ጠርዙን ታኮ የሚመጣ ብስክሌተኛ ከአጥሩ፣ ከዛፉና ከቆመው መኪና ጋር ይደባለቅበታል። የፊት መስታወቱን ግራና ቀኝ የያዘው ምሰሶም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ ትንሽ ራቅ ያለ ብስክሌተኛን ከነብስክሌቱ ይሸፍናል። ጥጉ ራሱ ደግሞ የጠጠር፣ የጠርሙስ ስብርባሪና የፍሳሽ ክዳን መከማቻ ነው።

ሌላው አደጋ ከኋላ ይመጣል። ጥግ የያዘ ብስክሌተኛ ከኋላ ላለው ሾፌር «እለፈኝ» ያለው ይመስላል። ሾፌሩም ያልፍና ወዲያው ወደ ቀኝ ታጥፎ መንገዱን ይዘጋበታል። ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም፤ ብስክሌት ሁሉ ቀርፋፋ ስለሚመስለው በጊዜ የማልፈው ነው ብሎ ገምቶ ነው።

መፍትሔው መገናኛው ሳይደርስ ወደ ረድፉ መሃል መግባት ነው። እዚያ ስትሆኑ ከጎን የሚወጣው ያያችኋል፤ ከኋላ ያለውም መታጠፊያው ላይ በጎናችሁ ሾልኮ ሊቀድም አይችልም። ይህ የጀብደኞች ፈሊጥ እንዳይመስላችሁ። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲሻሻል፣ ብስክሌተኞች ጸጥ ባለ መንገድ ላይ፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ትራፊክ ውስጥ፣ እንዲሁም መቅደም አደገኛ ወደሚሆንበት መገናኛ ሲቃረቡ የረድፉን መሃል እንዲይዙ በግልጽ መክሯል። መኪኖች በፍጥነት በሚያልፉበት መንገድ ላይ እንኳ ከጠርዙ ቢያንስ 0.5 ሜትር ራቁ ይላል። መገናኛው ካለፈ በኋላ ወደ ዳር መለስ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ መሃል ላይ ሆኖ የሚነዳም አይቻለሁ፤ እሱም ነገሩ የገባው አይመስለኝም።

«እጄን ካሳየሁ መንገዱ የእኔ ነው»

እጅ መዘርጋት መጠየቅ ነው፤ መልሱን ሳያዩ መግባት የለም። መጀመሪያ ወደ ኋላ ታያላችሁ፣ እጅ ትዘረጋላችሁ፣ እንደገና ታያላችሁ፣ ከኋላ ያለው ፍጥነት መቀነሱን ካረጋገጣችሁ በኋላ ብቻ ትጠጋላችሁ። ለምን ቀደም ብሎ መጀመር እንዳለበት ሒሳቡ ይነግራችኋል። በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ በሰዓት 50 የሚሄድ መኪና ከኋላችሁ 50 ሜትር ላይ ቢሆን፣ ስድስት ሰከንድ ሳይሞላ አጠገባችሁ ነው። አይቶ፣ ጠይቆና አረጋግጦ መሃል ለመግባት ይህ ጊዜ ጠባብ ነው። መታጠፊያው አፍ ላይ ደርሶ እጅ የሚዘረጋ ሰው ዘግይቷል፤ እንዲህ ከሆነባችሁ በቀጥታ አልፋችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

ወደ ኋላ ማየት ደግሞ ከሚመስለው ይከብዳል። ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሩት። ራስ ወደ ግራ ሲዞር ትከሻ ይከተላል፣ ትከሻን ክንድ ይከተላል፣ ክንድን መሪው ይከተላል። ለማየት የዞራችሁት መኪና መንገድ ውስጥ ሳታውቁት ገብታችኋል ማለት ነው። እኔን የጠቀመኝ ግራ እጄን ከመሪው አንስቼ ጭኔ ላይ ማሳረፍ ነው። ያኔ ትከሻው እንዳሻው ቢዞር መሪውን የሚጎትተው ክንድ የለም፤ ቀኝ ክርን ላላ ብሎ መሪውን ብቻውን ይጠብቃል። መሬት ላይ የተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር እየተከተላችሁ ደጋግማችሁ ስትለማመዱ ጎማው መስመሩን መልቀቁን ያቆማል።

ስትታጠፉ ሁለቱም እጆች መሪው ላይ ይሁኑ። ምልክቱን ቀድማችሁ ሰጥታችኋል፤ ጉድጓድ ቢያጋጥም አንድ እጅ አይበቃም።

«ወደ ግራ ለመታጠፍ የግድ መሃል መግባት አለብኝ»

የ1968ቱ (እ.ኤ.አ.) የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ወደ ግራ የሚታጠፍ ተሽከርካሪ ወደ መሃል መስመር እንዲጠጋ ያዛል። ይሁን እንጂ አገሮች ብስክሌተኞች መገናኛውን በሁለት ደረጃ እንዲሻገሩ የራሳቸውን ደንብ ማውጣት እንደሚችሉም ይናገራል። በዴንማርክ እንዲያውም ብስክሌተኛ ወደ ግራ የሚታጠፈው በሁለት ደረጃ ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀኛችሁን ይዛችሁ በቀጥታ ተሻግራችሁ ወዲያኛው ማዕዘን ላይ ትቆማላችሁ፣ ብስክሌቱን ወደ ግራ ታዞራላችሁ፣ ከዚያ እንደ አዲስ መጪ ተራችሁን ጠብቃችሁ ትሻገራላችሁ። የምትቆሙበት ቦታ ዜብራው ላይም ወደ ቀኝ የሚታጠፉ መኪኖች መንገድ ላይም መሆን የለበትም። ረድፉ ብዙ ሲሆን ወይም መኪናው ሲፈጥን እኔ ሳላንገራግር የምመርጠው ይህንን ነው። መብራቱ አንድ ዙር ያስጠብቃል፤ ያስጠብቅ። ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ በእግረኛ መሻገሪያ ማለፍም አያሳፍርም።

ሁለቱ መንገዶች ፊት ለፊት በማይገጥሙበት መገናኛ ላይ ግን ሰዎች ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው በሰያፍ ሲቆርጡ አያለሁ። በዚያ ጥቂት ሜትር ውስጥ ብስክሌተኛው ለሁሉም እንቆቅልሽ ነው፤ ከፊት የሚመጣው ቀጥ የሚል ይመስለዋል፣ ከኋላ ያለው የሚታጠፍ ይመስለዋል። ቦታውን እንደ ሁለት መታጠፊያ ቁጠሩት፦ መጀመሪያ ወደ ዋናው መንገድ ተቀላቀሉ፣ ቦታችሁን ያዙ፣ ከዚያ ለሁለተኛው እንደገና እዩና እጅ ዘርጉ።

መሃል ገብታችሁ ከታጠፋችሁም ማዕዘኑን አትቁረጡ። ቀድሞ የዞረ ብስክሌት የሚገባው ከጎን መንገዱ ለመውጣት ወደ ማቆሚያው መስመር እየመጣ ያለው መኪና ፊት ነው፤ ያ ሾፌር ደግሞ በዚያች ቅጽበት የሚያየው ወደ ሌላ በኩል ነው።

«ከባድ መኪና ሲቆም በጎኑ ሾልኬ ፊት ላይ እደርሳለሁ»

በጣም የምፈራው ስህተት ይህ ነው። ረጅም መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጠኛው ማዕዘን ይጠጋሉ። ተሳቢ ሲኖረው ይብሳል። ወደ ቀኝ ለመታጠፍ መጀመሪያ ወደ ግራ ሰፋ አድርጎ ስለሚይዝ በቀኙ ሰፊ ክፍተት ይከፈታል። ብስክሌተኛው ክፍተቱን አይቶ «ደግ ሾፌር» ብሎ ይገባል። መኪናው መታጠፍ ሲጀምር ክፍተቱ ይጠባል፤ መውጫውም ይዘጋል። ፍሬቻው አለመብራቱም ዋስትና አይሆንም፤ እናንተ ጎኑ ከደረሳችሁ በኋላ ሊበራ ይችላል።

«ስፖኪዮውን ካየሁት ያየኛል» የሚሉም አሉ። ስፖኪዮው የማይታያችሁ ከሆነ ሾፌሩ በእርግጥም አያያችሁም። ቢታያችሁ ግን ሾፌሩ አሁን ወደዚያ እየተመለከተ ነው ማለት አይደለም። ከኋላው ቆማችሁ ጠብቁ።

«መሃል ከያዝኩ ሾፌሩ ይናደዳል»

ይናደድ ይሆናል። ክላክስ የሚያደርግ ሾፌር ግን አይቷችኋል።

«አደባባይ ላይ የውጪውን ጠርዝ ይዞ መዞር ይሻላል»

በየመውጫው አፍ ፊት እያለፋችሁ፣ ሊወጣ ከሚፈልግ መኪና ጋር በየተራ ትጋጠማላችሁ። ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሮ የረድፉን መሃል ይዛችሁ መውጫችሁ ድረስ ሂዱ። ሰፊና ፈጣን ከሆነ ወርዶ መግፋት ይሻላል።

«ሐዲድ ያለበት መታጠፊያ ላይ ዝግ ካልኩ ይበቃል»

ዝግ ማለቱ ጥሩ ነው፤ የሚጥለው ግን አንግሉ ነው። ሐዲዱን በሰያፍ የሚያቋርጥ ቀጭን ጎማ ቦዩ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ካለ ደግሞ በብረቱ ላይ ይንሸራተታል። ከኋላ ማንም አለመኖሩን አይታችሁ ትንሽ ወደ ውጪ ሰፋ በሉና በተቻለ መጠን ቀጥ አድርጋችሁ ተሻገሩት፤ መታጠፉን ከሐዲዱ በኋላ ጨርሱ። ብረቱ ላይ ሳላችሁ ፍሬን አትያዙ፣ መሪም አትጠምዝዙ።